የጣና ዳር ዕቃ ቤቶች፦ መስቀል፣ ዘውድና ጸናጽል ለማየት ከባሕር ዳር እንዴት ይኬዳል

በጣና ዙሪያ ጥሩ የነሐስ፣ የመዳብና የብር ሥራ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ገዳማቱ ዕቃ ቤት ይሂድ። ነገሥታትና መኳንንት በስለት ያስገቡት ዘውድ፣ የመጾር መስቀሉ (በረጅም እንጨት ላይ ተተክሎ በዑደት የሚያዘው)፣ ጽናው (የዕጣን ማጨሻው)፣ ጽዋውና ጸናጽሉ (በማኅሌት የሚንሿሿው) ያሉት እዚያ ነው። ዕቃ ቤት ግን ሰዓት ጠብቆ የሚከፈት በር የለውም፤ መግለጫ የተለጠፈበት ዕቃም ጥቂት ነው። ከሚታየው መስቀል አንዳንዱ ባለፈው እሑድ ለቅዳሴ ወጥቶ የገባ ነው። ስለዚህ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደደረሳችሁ፣ ምን ብላችሁም እንደጠየቃችሁ የምታዩትን ይወስናል።

ቀኑን መምረጥ

በመጀመሪያ የወሩን በዓላት ተመልከቱ። ዳጋ እስጢፋኖስ በ17፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ክብራን ገብርኤል በ19፣ አዝዋ ማርያም በ21 ወርኃዊ በዓላቸው ነው። በእነዚህ ቀኖች ቁልፍ የያዙት አባቶች ማኅሌትና ቅዳሴ ላይ ስለሚሆኑ የሚከፍት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እሑድ ጠዋትም እንዲሁ ነው፤ ቅዳሴ እስኪወጣ እስከ 3 ሰዓት መጠበቅ ሊኖር ይችላል። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅዳሴው ከቀትር ወዲያ ስለሚገባ ጠዋቱ ሰፊ ነው፣ ከ6 ሰዓት በኋላ የደረሰ ግን በር ላይ ይቀመጣል።

ዕቃው በሥራ ላይ እያለ ማየት ለሚፈልግ ምክሩ ሌላ ነው። ጥር 10 ለከተራ ወይም ጥር 11 ለጥምቀት ባሕር ዳር ብትገኙ፣ መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ የቆመው የመጾር መስቀል ጨርቁ ታስሮለት፣ ጽናው እየጨሰ፣ ጸናጽሉ እየተንሿሿ ታዩታላችሁ። በዚያ ቀን ግን ዕቃ ቤት አይከፈትም። ሁለቱንም የፈለገ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምር።

ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሚስተካከለው የለም። ክረምቱ ወጥቷል፣ የከሰዓቱ ማዕበል ቀንሷል፣ ጢስ ዓባይም ገና አልጎደለም። ሚያዝያ ላይ የሄደ ሰው ገዳማቱን በደንብ ያያል፤ ፏፏቴው ላይ ግን ቅር ይለዋል።

የመንገዱና የጸጥታው ሁኔታ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ማታ ጠይቃችሁ ጠዋት ድገሙት። ያረፋችሁበትን ሆቴልም፣ ጀልባ ነጂውንም ጠይቁ፤ አንዱ የሚያውቀው ስለ መኪናው መንገድ፣ ሌላው ስለ ሐይቁ ነውና።

የትኛው ገዳም?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ኡራና አዝዋ ያሉበትን ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌን ይምረጥ። በሞተር ጀልባ 1 ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪናም በጠጠሩ መንገድ ይደረሳል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዘውዶችን፣ መስቀሎችንና ካባዎችን በአንድ ላይ ያሳያል። ከጀልባ መውረጃው በቡናው ደን ውስጥ ሽቅብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ድንጋዩ በጤዛና በወደቀ ቅጠል ስለሚያንሸራትት ሶሉ ያለቀ ጫማ አያስኬድም። አዝዋ ማርያም ለመውረጃው ስለሚቀርብ መጀመሪያ ኡራን አይታችሁ በመመለሻችሁ ግቡበት። ብዙ ሰው ቅርቡን ያስቀድምና ኡራ ሲደርስ አባቶች ለምሳ ተነሥተው ያገኛቸዋል።

ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ ከከተማው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ነው። ክብራን ሴት አይገባበትም፣ እንጦስ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ሴትና ወንድ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ይህን ጀልባ ላይ ሳይሆን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ አንዱ ወገን ደሴቱ ዳር አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ዳጋ እስጢፋኖስ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ መሄጃው ብቻ እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ወደዚያም ሴት አይወጣም። እዚያ የሚታወቀው የነገሥታት ዐፅም ነው፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲል በዚያ እንዳረፉ ገዳሙ ይናገራል። በዚያው አቅጣጫ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እሱ ለሴትም ክፍት ነው፣ የሚኬደው ግን ይልቁንም ለሥዕሉና ለሕንፃው ነው። ለብረታ ብረት ብቻ ከሆነ ዘጌና እንጦስ ይበቃሉ።

ጀልባ መያዝ

ጀልባውን ከዋዜማው ማታ ተነጋገሩ። በወደቡ አካባቢና ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች በር የሞተር ጀልባ የሚያከራዩ ሞልተዋል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? የት የት ይቆማል? በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ነዳጁ ዋጋው ውስጥ ገብቷል? የመንሳፈፊያ ጃኬት በሰው ልክ አለ? ጃኬቱን በቃል አትመኑ፣ አይታችሁ ቁጠሩት። የቆይታው ሰዓት ካልተቆረጠ ደግሞ «ሁለት ገዳም» የተባለው ጉዞ በየቦታው የ20 ደቂቃ ሩጫ ይሆናል። አንድ ዕቃ ቤት በወጉ ለማየት ከ45 ደቂቃ በታች አይበቃም። ሙሉውን ገንዘብ በመነሻ አትስጡ፤ ግማሹ ሲመለሱ ይሁን።

መነሻው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሞገዱ ጀልባውን ይደበድበዋል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል። ከዘጌ ከ8 ሰዓት በፊት፣ ከዳጋ ከ6 ሰዓት በፊት ለመነሣት ወስኑ። ስልክና ገንዘብ ላስቲክ ውስጥ ይግባ፤ በመልስ ጉዞ ጫፍ ላይ የተቀመጠ መርጠቡ አይቀርም።

ከዚህ ሌላ ነጠላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ፣ ዝርዝር ብርና ወፍራም ካልሲ ያዙ። ካልሲው ለቁንጫ ነው። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም፣ ምንጣፉ ደግሞ የቆየ ነው። ትንሽ አጉሊ መነጽር ቅንጦት ይመስላል እንጂ መስቀል ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት ያለ እሱ አይነበብም።

ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ

1. መጀመሪያ ክፍያውን ፈጽማችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። እያንዳንዱ ገዳም ለየብቻው ያስከፍላል፤ አንዱ ጋ የከፈላችሁት ለሌላው አይሆንም። የቪዲዮ ካሜራ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል። ትልልቅ ኖት ብቻ ይዞ የሄደ መልስ ሲጠበቅ ጊዜው ያልቅበታል።

2. መነኩሴውን «አባ»፣ መነኩሲቱን «እማሆይ» በሉ። አባ የእጅ መስቀል ካወጡ ተሳልማችሁ ቡራኬ ተቀበሉ። እግረ መንገዳችሁንም መስቀሉን እዩት፤ ምናልባት ቀኑን ሙሉ በቅርብ የምታዩት መስቀል እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

3. ቁልፉ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ አይደለም። ገበዙ (የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ኃላፊ) አንዱን፣ ዕቃ ቤት ጠባቂው ሌላውን ይይዛል። አንዱ እስኪመጣ መጠበቅ ካለ አትነጫነጩ፤ ያ አሠራር ነው ዕቃውን እስከ ዛሬ ያቆየው። በዚያ ጊዜ ቤተ መቅደሱን ዙሩ፤ የኡራ ግድግዳ ሥዕል ለብቻው ሰዓት የሚያስፈጅ ነው። ግቢው ውስጥ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ካለ ሲመታ ስሙት። ድንጋይ ሆኖ ሳለ ድምፁ ከብዙ ብረት ደወል ይጠራል።

4. ዕቃውን አትንኩ። የእጅ ላብ ጨው አለው፤ ናስና መዳብ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያስነሣል። ሊያሳዩዋችሁ ሲያነሡት «አባ፣ ካላስቸገርሁ ጀርባውንም ያሳዩኝ» በሉ። ከዚህች ጥያቄ የበለጠ የምትጠቅም የለችም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል።

5. ፎቶ ማንሣት ይፈቀድ እንደሆነ በየቤቱ ጠይቁ። ቢፈቀድም ፍላሹን አጥፉ። ብርሃኑ ሥዕሉንና ብራናውን ይጎዳል፤ የሚያብረቀርቅ ብር ላይ ደግሞ ነጭ ነጥብ ብቻ ያስቀራል። ፎቶው እንዲያምር ከበሩ የሚገባው ብርሃን በጎን ሲያርፍበት አንሡት።

ብረቱን ማንበብ

ብዙ ጎብኚ ዘውዱ ፊት ቆሞ «ወርቅ ነው?» ብሎ ጠይቆ ይወጣል። የሚያስደስተው ግን እንዴት እንደተሠራ መለየቱ ነው፤ ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃል፦ የፈሰሰ፣ የተቀጠቀጠና የተቆረጠ።

የፈሰሰ ሥራ በሰም ይጀምራል። ሠሪው መስቀሉን በሰም ይቀርጻል፣ በደቃቅ ጭቃ ይለብጠዋል፣ ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ ያደርገዋል። ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በቦታው የቀለጠ ነሐስ ወይም ናስ ይገባል። ከዚያ ጭቃው ይሰበራል። ቅርጹ ስለሚፈርስ ሁለት አንድ ዓይነት መስቀል አይወጣም። ምልክቱ ጀርባው ላይ ነው፤ ፊቱ ተሞርዶ ሲለሰልስ ጀርባው ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ አየር የታፈነበት ቦታ ጥቃቅን ጉድጓድ ይይዛል። ቀጫጭኑ ሐረግ ጋ ብረቱ ሳይደርስ ከቀዘቀዘ ክፍተት ይፈጠራል። ሠሪው እንዲህ ያለውን አይጥለውም፤ ቁራጭ አምጥቶ በሚስማር ይመታበታል። እንዲህ ያለ ጥገና ያለበት መስቀል ካገኛችሁ ቆም በሉ፤ ከእንከን አልባው ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

የተቀጠቀጠው ከዝርግ ብር ወይም መዳብ የሚነሣ ነው። ዘውድ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ዝርጉ ከውስጥ ወደ ውጭ ተመትቶ ጌጡ ይወጣል፣ ክፍል በክፍል ተሠርቶ በሚስማር ይያያዛል። ውስጡን ማየት ከተቻለ የመዶሻው ጥርስ፣ ማለት የምቱ አሻራ፣ ተሰልፎ ይታያል። «ወርቅ ነው?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። እጅ የበዛበት ጠርዝ ሲፋቅ ቀይ ከታየ ከሥር መዳብ ነው፣ ነጭ ከታየ ብር ነው፤ ወርቁ ከላይ የተቀባ ብቻ ነው።

የተቆረጠ የምንለው ከአንድ ዝርግ ተቀዶና ተሞርዶ የሚወጣውን ነው። ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፤ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ የሞረድ ጭረት ይታያል። ከማርትሬዛ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ካለበት የቀድሞ የብር ሳንቲም) የተሠሩ የአንገት መስቀሎችም አሉ። ያ ብር 1780 የሚል ዓመት አለበት፣ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከመቶው 83 እጅ ያህሉ ብር ነው። እንዳለ የተቀደደም አለ፣ ቀልጦ ሌላ ሥራ የሆነም አለ። የተቀደደው የሳንቲሙ የጠርዝ ጽሕፈት ወይም የምስሉ ቅሪት አንዳንድ ጊዜ ይተርፍበታል።

የተቀረጸውን ለማንበብ ባትሪውን ፊት ለፊት አታብሩ። ከዕቃው ጎን አድርጋችሁ ብርሃኑ ላዩን እየዳበሰ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ያኔ ያላያችሁት መልክና ፊደል በጥላ ይወጣል። የመጾር መስቀል ላይ አንገቱንና መትከያውን ፈልጉ፤ የሰጪው ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፣ «ዘወሀበ» (በግእዝ «የሰጠው») ከሚለው ቀጥሎ። አንገቱ መስቀሉ የሚሰበርበትም ቦታ ነው። ከላይ የራሱ ክብደት፣ ከታች የእንጨቱ መወዛወዝ ይደርስበታል። ከመትከያው ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች ጨርቅ የሚታሰርባቸው ናቸው፤ ውስጣቸው ተበልቶ ከሳሳ መስቀሉ ለረጅም ዘመን ወጥቶ የገባ ነው። በእጅ መስቀል ሥር ያለውን አራት ማዕዘን አባቶች የአዳም መቃብር ምሳሌ ይሉታል።

ጸናጽል ላይ የሚታየው የሁለት አሠራር መገናኘት ነው። ማቀፊያው ወፍራም ነው፣ የሚንሸራተቱት ሳህኖች ግን እስኪሳሱ ተቀጥቅጠዋል። ሳህኑ ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል። ጽናው ላይ ደግሞ ሰንሰለቱንና ሻኩራውን (ትንንሽ ቃጭሎቹን) ተመልከቱ፤ ቶሎ የሚያልቀው ሰንሰለቱ ስለሆነ ከገንዳው ይልቅ አዲስ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ።

የጠቆረ ብር ተበላሸ ማለት አይደለም። አየር ውስጥ ያለ ድኝ ነው የሚያጠቁረው፤ ጥቁረቱ የተቀረጸው ውስጥ ሲቀመጥ ሥዕሉን ያጎላዋል። በሎሚና በአመድ የተፈተገ አሮጌ መስቀል ያበራል፣ ቅርጹ ግን በየፍትጊያው እየሳሳ ይሄዳል።

መግዛት ካሰባችሁ

ከዘጌ መውረጃ እስከ ገዳሙ ድረስ መንገዱ ዳር መስቀል የሚሸጡ አሉ። አዲስ ሥራ መግዛት ነውር የለውም፤ ነውሩ አዲሱን «የ300 ዓመት» ብሎ መሸጥና ማመን ነው። አጠገቡ ልክ እሱኑ የሚመስል ሌላ ካለ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። «ብር» የሚባለው ብዙ ጊዜ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ የተቀላቀለበት ነጭ ብረት ነው፤ ብር የለበትም። ማግኔት የሚረዳው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ከያዘው ብር አይደለም፣ ካልያዘው ግን ናስም ነጩ ብረትም ስለማይያዙ ምንም አላረጋገጣችሁም። ጠርዙ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ብቅ ካለ የተለበጠ ነው።

በእውነት አሮጌ የሆነውን አትግዙ። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ለውጭ ዘመድ አዲስ መስቀል የሚልክ ሰው የሱቅ ደረሰኙን ይያዝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ክርክር ይቀንስለታል።

ከተማው ውስጥ

ግማሽ ቀን ይበቃል። ወደቡ አጠገብ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ ግንብ እዩ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገሩ፤ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጀምር የሚታየው እዚያ አካባቢ ነው። ወደ ማታ በባጃጅ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ እዚያ ያለውን የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ከውጭ ነው የምታዩት፣ የዓባይ እይታው ግን መሄዱን ያስመሰግነዋል። ደንገል ታንኳ ሲሠራ ለማየት ሐይቁ ዳር ያሉትን የነገደ ወይጦ ሠሪዎች ጠይቁ፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ጊዜያቸውን ከወሰዳችሁም ክፈሉ።

ቅዳሜ ከሆነ ገበያ ግቡ። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሸጥበትን ተራ ጠይቁ። የሚቀጠቅጥ ካገኛችሁ ወናፉን፣ ጉጠቱንና መስፉን (ብረቱ ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበትን) እዩ፤ ብረቱ ብዙ ጊዜ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው፣ ጠንካራ ስለሆነና ስለቱን ስለሚይዝ። ዕቃ ቤት ካያችሁ በኋላ የመዶሻ አመታት ስታዩ ዘውዱ ውስጥ ያያችሁት ጥርስ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ምሳ ቆሮሶ ጥብስ ነው፤ አምባዛ የሚወድም አለ። ሐይቁ ውስጥ ግን አትዋኙ፣ ዳር ዳሩንም በባዶ እግር አትግቡ፤ ቢልሃርዝያ አለበት። ማታ ወባ ስላለ ያለ አጎበር አትደሩ።

ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለብቻው ግማሽ ቀን ያዙለት፣ ከገዳም ጉዞ ጋር አታዳብሉት። ትኬቱ የሚቆረጠው ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ ካለው ቢሮ ስለሆነ ሳይቆርጡ ወደ ፏፏቴው የወረዱ ይመለሳሉ። ወንዙ ሲሞላ ፏፏቴው ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወርዳል፣ ስፋቱም እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ግን ውሃው በ1956 እና በ1993 ዓ.ም. ሥራ ወደጀመሩት ሁለቱ የኃይል ማመንጫዎች ስለሚዞር ገደሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ሊቀር ይችላል። ሐይቁ መውጫ ላይ ጨረጨራ ያለው መቆጣጠሪያ በርም የሚለቀቀውን ይወስናል። ስለዚህ ከኅዳር በኋላ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ውሃ መኖሩን ከጢስ ዓባይ የሚመጣ ሾፌር ይጠይቅ።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአላታ ድልድይ በኩል ነው፤ ድልድዩ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፣ «የፖርቱጋል ድልድይ» እየተባለም ይጠራል። ከድልድዩ ወዲያ አቀበቱን ወጥታችሁ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ መሻገር ነው፤ አጭር ነው፣ ለአረጋዊና ለሕፃን ይሻላል። አቅም ያለው በአንደኛው ሄዶ በሁለተኛው ይመለስ። በክረምት ጀልባው ጎርፉ ሲበረታ ስለሚቆም በሄዱበት ለመመለስ ጊዜ አስተርፉ። መንገዱ ጭቃ ሲሆን በትር ተከራዩ፤ ርካሽ ነው፣ አቀበቱ ላይ ደግሞ የሚተካው የለም።

ሚኒባስ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ይነሣል። ወደ ማታ መመለሻው ስለሚሳሳ ጠዋት ሂዱና እስከ 8 ሰዓት ድረስ ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ ተመለሱ።